ኢንተርኔቱ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?

ቡታጅራ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘኪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺንም ልጅሽን አስማእንም አላህ በያላችሁበት ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ ውሏችሁም አዳራችሁም የሰላም ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ደህና ናት።

የደህንነታችን ወሬ እዚህ ላይ ያልቃል።

ያለፈው እሁድ ሐጅ በድሩ በዚያ ዕድሜያቸው በምርኩዝ እየተደገፉ፣ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ የመጡት ለእኔና ለአንቺ ነው። አባባ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ዓመት የተኮራረፉ ወንድምና እህት እናስታርቅ ብለው። ስልኩን ትራስ አስደግፈን በቪዲዮ አየንሽ፤ ሁሉም ተራ በተራ ሰላም አለሽ፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሐጅ በድሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ ዘኪያ፣ ወንድምሽን አፉ ብለሻል ወይ? ይቅር ብለሽዋል ወይ?» ብለው ጠየቁሽ። አንቺ ግንባርሽን ቋጥረሽ ፍጥጥ ብለሽ አየሻቸው። ደግመው ጠየቁሽ። ያው ፊት። ከዚያ ስልኩን ዘጋሽው።

ጆሯቸው ላይ ዘጋሽባቸው፣ ዘኪያ። እኔ ላይ ብትዘጊ የእኔና ያንቺ ጉዳይ ነው። እሳቸው ግን አባባን አጥበው የገነዙ ሰው ናቸው። ምግብ ቀርቦ ነበር፤ ማንም እጁን አልታጠበም። ጫማቸውን ሲያጠልቁ አንገቴን ደፍቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ስልክ ላይ አልቀመጥም። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ልጄ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ወረቀት መሐል ላይ አይዘጋም።

አንድ ነገር ግን እወቂ። እማዬ ለሐጅ ተመዝግባለች፤ በግንቦት ትሄዳለች። «ልጆቼ ተኮራርፈው ካዕባ ፊት አልቆምም፤ ካልታረቁ እቀራለሁ» ብላለች። እማዬን ታውቂያታለሽ፣ የተናገረችውን አታጥፍም። ስለዚህ እምቢ ካልሽ እምቢ ብለሽ ጻፊልኝና ልንገራት።

ወንድምሽ አንሳር


ሲያትል
ጥር 29 ቀን 2017፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ፌብሯሪ 6

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አንሳር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? አላህ ጤናውንና ረድኤቱን ያብዛላችሁ። የእማዬን ጉልበት ሙቅ ውሃ በጨው ቢያሹላት ጥሩ ነው። እኔና አስማእ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ስልኩን አልዘጋሁም። ኢንተርኔቱ ነው የተቋረጠው። ፊቴ ፍጥጥ ብሎ የታያችሁ ምስሉ ደርቆ ነው። እኔም ጋ የቀረው የሐጅ በድሩ ጢም ብቻ ነበር፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። በኋላ መልሼ ደውያለሁ፤ አላነሣችሁም።

የምንኖረው ኖርዝጌት አካባቢ፣ የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይተን ነው። ግድግዳው ኮንክሪት ስለሆነ የስልክ ኔትወርክ አይገባም፤ ያለን ዋይፋይ ብቻ ነው። እኔ በዚያው ዋይፋይ እንጀራዬን እበላለሁ፦ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሐኪሞች አማርኛ ተናጋሪ በሽተኛ ሲመጣባቸው አስተረጉማለሁ። አስማእ ደግሞ ከዲሴምበር ጀምሮ የጨዋታ መሣሪያ፣ ኮንሶል የሚሉትን፣ አስገብታለች። ቴሌቪዥን ላይ ሰክታ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር በኢንተርኔት መኪና ትነዳለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሴት ልጅ ናት፣ እንደ ጎማ ጠጋኝ ትጮኻለች። ኢንተርኔቱን ጥርግ አድርጎ የሚበላብኝ እሱ ነው። ስጠይቃት «አይ ዋዝንት ኢቭን ፕሌዪንግ» ትለኛለች፤ አልተጫወትኩም ማለቷ ነው። አላመንኳትም።

አስተካክላለሁ። ለሐጅ በድሩና ለሽማግሌዎቹ እግራቸው ሥር ሆኜ ይቅርታ እንደምጠይቅ ይንገሩልኝ። እንደገና እንዲቀመጡ እለምናለሁ።

እህትዎ ዘኪያ


ቡታጅራ
የካቲት 5 ቀን 2017

ለእህቴ ለዘኪያ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስሽ። አላህ ቤትሽን ያድምቀው፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ደብዳቤሽን ለሐጅ በድሩ አነበብኩላቸው። «የት ነው ያለችው?» አሉ። «ሲያትል» አልኳቸው። «ሲያትል ምን አለ?» አሉ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሠራበት አገር ነው ብዬ ነገርኳቸው። 

እስቲ አንቺው ፍረጂ። ቡታጅራ ላይ መብራት በሳምንት ሦስቴ ይጠፋል፣ ኔትወርኩ ዝናብ ሲያይ ይደነግጣል። በዚያን ቀን ግን የእኛ ያለ እንከን ሠርቷል። የተቋረጠው ሲያትል ነው። ይኼን ለሰው ባወራ ማን ያምነኛል?

ደግሞ መልሼ ደወልኩ ያልሽውን አይቻለሁ፤ ስልኬ ላይ አለ። የደወልሽው ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ። ኢንተርኔት ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል?

ሲያትል ስንት የእኛ ሰው አለ፤ የእናንተ ቢበላሽ ከአንዱ ቤት ሄዶ መደወል ይቻላል።

ሐጅ በድሩ ያሉትን ልጻፍልሽ፦ «አንድ ጊዜ ደግመን እንቀመጣለን፣ ለእናቷ ስንል። ሁለተኛ ከተዘጋብን ግን እጃችንን እናነሣለን።» እሳቸው ካነሡ በዚህ ከተማ ሌላ ሰው አይገባበትም።

እና «እርስዎ» ማለቱን ከየት አመጣሽው? እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንተ ነበርኩ። ለክብር ከሆነ አላህ ያክብርሽ። ለሌላ ከሆነ ግን ሰምቼዋለሁ።

አንሳር


ሲያትል
የካቲት 27 ቀን 2017፣ ማርች 6

ለጋሼ አንሳር፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙን በጤና ያስፈጽማችሁ፣ ዱዓችሁን ይቀበላችሁ። ለእማዬ ስሟን ጠርቼ ሰላም ብያታለሁ።

የዘገየሁት ስላኮረፍኩ አይደለም። አስተካክዬ ልጽፍ ብዬ ነው፤ አልተስተካከለም።

መጀመሪያ ኢንተርኔት የሚሸጥልን ድርጅት ደወልኩ። ፍጥነቱን ከፍ አድርጊው አሉኝ፤ አደረግሁት። ለውጥ የለም። ሳጥኑን አጥፍተሽ አብሪው አሉኝ፤ በቀን ሁለቴ ከሶኬቱ እየነቀልኩ እሰካለሁ፤ ትንሽ ይሻለውና ይመለሳል። ከዚያ ግድግዳ ላይ የሚሰካ፣ ሲግናል ያራዝማል የተባለ ዕቃ ገዛሁ። የሚያራዝመው ግን የሚደርሰውን ነው፤ የደከመ ደርሶት የደከመ ያስተላልፋል። የጎረቤቶቻችንም ዋይፋይ በአንድ መስመር ተጨናንቆብናል አሉኝና መስመር ቀየሩልኝ። እሱም አልሆነም።

በመጨረሻ ኮንሶሉን ነቅዬ መኪናዬ ኋላ ውስጥ ቆለፍኩበት። አስማእ በትምህርት ቤታቸው የጨዋታ ቡድን ውስጥ ነበረች፤ ውድድሩ አመለጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። አፍጥር አብረን እንቀመጣለን፣ ቴምሩን ታቀብለኛለች፣ ቃል የለም። ኮንሶሉ ከወጣ በኋላም ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐኪም ለአንዲት የአገራችን እናት የምርመራዋን ውጤት እየነገራት ነበር። እሱ የሚለውን ሰምቼ ለእሷ ልነግራት አፌን ስከፍት ጠፋ። ሴትዮዋ ዓይኖቿ እኔ ላይ እንደተተከሉ ቀረች። አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ጻፈችልኝ፤ ከደገመኝ ሥራው የለም።

ከሰው ቤት ደውዪ ላሉኝ፦ መርሃዊት የምትባል ወዳጄ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት አላት፤ ኢንተርኔቷ እንደ ውሃ ይፈሳል። ግን ምግብ ቤት ነው። ክትፎ የሚበላ ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ የአባቴን ነገር ላውራ?

የአባቴን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። ኦፕራሲዮን ሆኜ ተኝቼ ነበር፤ ደክማለችና ሲሻላት ሽማግሌ ያርዳት አላችሁ። ደንቡ ነው፣ እሺ። ግን እኔ ከአልጋ ላይ ደውዬ «አባባ እንዴት ነው?» ስልዎ፣ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» አሉኝ። ከተቀበረ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ድንኳኑን ያየሁት የሰፈር ልጅ በለቀቀው ቪዲዮ ነው፤ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ለቅሶ ደራሽ ሲቀበሉ።

ተኝቷል አሉኝ፣ ጋሼ።

ዘኪያ


ቡታጅራ
መጋቢት 24 ቀን 2017

ለእህቴ ለዘኪያ፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ።

እማዬ ክትባቷን ወስዳለች። ነጭ ልብሷ ተሰፍቷል። አሁን በየቤቱ እየዞረች ሰው ሁሉ አፉ እንዲላት ትጠይቃለች፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በውሃ ተራ የተጣላቻት ሴት ቤት ድረስ ሄዳ ተቃቅፈው ተላቅሰዋል። ማታ ስትመለስ በጣቷ ትቆጥርና «የቀረኝ ቤቴ ነው» ትላለች። 

ሽማግሌዎቹ እሁድ ሚያዝያ 26 ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይቀመጣሉ። ለእናንተ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን የለም፤ እማዬ በሁለተኛው ሳምንት ትበራለች፣ ወይም ትቀራለች።

ኢንተርኔቱ ካልተስተካከለ አስቀድመሽ አሳውቂኝ። ሰው ሰብስቤ ድጋሚ አላፍርም።

አንሳር


ሲያትል
ሚያዝያ 8 ቀን 2017፣ ኤፕሪል 16

ለጋሼ አንሳር፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለእማዬ፣ ለቤቱ ሁሉ ይሁን።

ኢንተርኔቱ ተስተካከለ። እንዴት እንደተስተካከለ ስነግርዎ አይሳቁብኝ። ወይም ይሳቁ፤ ከሳቁ እኔም ይቀለኛል።

ትናንት አስማእ ለትምህርት ቤት የሚላክ ቪዲዮ አልሄድ ብሏት ስልኳን ይዛ ክፍል ለክፍል ዞረች። ስልኳ ላይ ሲግናሉን በቀለም የሚያሳይ ነገር አለ፤ አረንጓዴ ጥሩ ነው፣ ቀይ መጥፎ። ቤቱ በሙሉ ቀይ ነው። ሳሎን መጣችና ቡፌው ፊት ቆመች። ሁለት ወር ያላናገረችኝ ልጅ «ማም፣ ዌር ኢዝ ዘ ራውተር?» አለችኝ። ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን ነው። ቦታው ነው ልል ስል አፌ ላይ ቀረ።

የዚያን እሁድ ሽማግሌዎቹ ቤቴን በቪዲዮ ያዩታል ብዬ ከዋዜማው ጀምሮ ሳጸዳ ነበር። ራውተሩ ጠረጴዛ ላይ ገመዱን አዝረክርኮ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ ቁጭ ብሏል። ሐጅ በድሩ ፊት ይኼ ይታያል? አንስቼ ቡፌው ውስጥ ከተትኩት። የሴት ልጅ ቡፌ እንዴት እንደሚደረደር ያውቁታል፦ ከኋላው መስታወት፣ ከፊቱ ሁለቱ ትላልቅ የብረት ትሪዎች ቆመው፣ ፔርሙሶቹ ዳርና ዳር። ራውተሩን መሐላቸው አስገብቼ፣ አቧራ እንዳይነካው ብዬ እማዬ የሠራችልኝን ዳንቴል አለበስኩትና መዝጊያውን ዘጋሁ። አስማእ ያኔ «ማም፣ ዶንት ፑት ኢት ኢን ዜር» ብላኛለች፤ እዚያ ውስጥ አትክተቺው ማለቷ ነው። ዝም በይ አልኳት። እንግዶቹ ሲሄዱ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር። በኋላ የሆነው ሆነና ረሳሁት። አጥፍተሽ አብሪው ሲሉኝም ከሶኬቱ ነው የምነቅለው፤ ሳጥኑን ዓይኑን አላየሁትም።

አስማእ መዝጊያውን ከፍታ ትሪዎቹን አወጣች፣ ዳንቴሉን ገለጠች። ሳጥኑ እንደ ምጣድ ግሏል። ሞገዱ ብረትና መስታወት እየመለሰው፣ ሲሞቀው ደግሞ ራሱን እያጠፋ ነው የከረመው። ቡፌው አናት ላይ፣ ገላጣ ቦታ አስቀመጠችው። ስልኳን አዞረች፤ ቤቱ አረንጓዴ ሆነ።

ልጄን የቀጣሁት እኔ ባጠፋሁት ነው። መኪናው ጋ ሄጄ ኮንሶሉን አምጥቼ ሰጠኋትና «ሶሪ» አልኳት። «ኖ» አለች። «በአማርኛ።» እኔ ለልጄ? ግን አልኩት። «አፉ በይኝ» አልኳት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። ኮንሶሉን ታቅፋ ቆማ አየችኝ። ጋሼ፣ ጠይቆ መልስ መጠበቅ እንደዚያ እንደሚጨንቅ አላውቅም ነበር። ብዙ ከቆየች በኋላ «ኦኬ» አለችና ወደ ሥራው ገባች። ለእኔ ኮምፒውተር ከራውተሩ ድረስ በግድግዳው ሥር ገመድ ዘረጋችልኝ፣ ለኮንሶሏም ሌላ። ገመድ ግድግዳ አይፈራም አለችኝ። ዋይፋዩን ለስልኮቹ ተውነው። ዛሬ እሷ መኪናዋን እየነዳች እኔ ለአራት ሐኪሞች አስተርጉሜያለሁ፤ አንዴም አልተቋረጠም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ግማሽ ሰዓቱ ጠይቀውኝ ነበር፣ አልመለስኩም። ሐጅ በድሩ ሲጠይቁኝ ሰምቻለሁ። ምስሉ ከመድረቁ በፊት ነው የሰማሁት።  አፌን ላላቅቅ ስል አልላቀቅ አለኝ፤ የምሰማው «ተኝቷል» ያሉኝን ነበር። ሲቋረጥ ደስ አለኝ። ወዲያው ነው የተመለሰው፤ እኔ ግን ስልኩን እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔቱን ስረግም የከረምኩት የእኔንም እዳ ጭኜበት ነው።

አሁን የማሳብብበት የለኝም። እሁድ ዝም ካልኩ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ዘኪያ


ቡታጅራ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017

እህቴ ዘኪያ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፤ ጠግበሽ እንደምትውይ፣ በጤና እንደምታድሪ አላህን እለምናለሁ።

የቡፌውን ለእማዬ አነበብኩላት። ሳቀች አይገልጸውም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ጠረገች። «ታዲያ ሽማግሌ ሲመጣ ልታዝረከርከው ኖሯል?» ብላ ደግፋሻለች። ከዚያ ተነሥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለበሰችውን ዳንቴል አነሣች። ይኼንንስ እንዳላቃጥለው አለች። ሐጅ በድሩም ሰምተዋል፤ «ለእኛ ክብር ብላ ነው የደበቀችው» ብለው ቂማቸው እንደወጣላቸው ነግረውኛል። ስለ ፍጥነትና ስለ መስመር የጻፍሽልኝን አንዱንም አላመንኩሽም ነበር። ቡፌውን ግን አመንኩሽ፤ የእኛ ቤት ልጅ የምታደርገው ነው።

የመጨረሻውን ገጽ ለማንም አላነበብኩም።

እኔም የጠየቅሽኝ ነገር ነበር፣ በዒድ ደብዳቤዬ ያለፍኩት። አሁን ልመልስልሽ። ደክማለች አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደንቡ ይኼው ነው ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ ያሳመንኩትም እኔ ነኝ። ደንቡ አልነበረም ያስቆመኝ። ከቀብር ስንመለስ ስልኩን ይዤ ጓሮ ሄጄ ቁጥርሽን ጽፌያለሁ። አጠፋሁት። በማግስቱም እንዲሁ። አባባ ሞተ የሚለውን ለአንቺ መናገር አልቻልኩም፤ እሱን ለአንቺ ካልኩ ይሞታል፣ ካላልኩ ግን አንቺ ጋ ገና በሕይወት አለ። ይኼን ሽማግሌ ፊት እንዴት ይናገሩታል? ስትደውዪ ደነገጥኩ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ተኝቷል። ስልኩን ዘግቼ የሰፈሩ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደንብ ነው፣ ደንብ ነው ስል የከረምኩት አንቺ በኢንተርኔቱ እንዳሳበብሽው ነው።

ለካ የአንድ ቤት ልጆች ነን።

እሁድ ሐጅ በድሩ ከመጠየቃቸው በፊት እኔ እጠይቅሻለሁ። ታላቅ ነኝ ብዬ አልጠብቅም።

አንሳር


ሲያትል
ሚያዝያ 21 ቀን 2017፣ ኤፕሪል 29

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩት፤ የሚቀጥለውን ሐኪም ከመቀበሌ በፊት ፊቴን ታጠብኩ።

እሁድ አፉ እላለሁ ብዬ ቃል አልሰጥህም። ብዋሽህ ያስታውቅብኛል። እኖራለሁ ግን፤ አልጠፋም። አስማእ ገመዱን ሦስቴ ፈትሻዋለች። በዚያ ሰዓት ኮንሶሉን እንዳትከፍት አልኳት፤ «ማም፣ ኢት ዳዝንት ማተር፣ ግን ኦኬ» አለች፤ ለውጥ የለውም ማለቷ ነው።

ለእማዬ አሁን ምንም አትንገራት።

ዘኪያ


ቡታጅራ
ግንቦት 11 ቀን 2017

ለእህቴ ለዘኪያ፣

የተለያየን የሚያገናኝ፣ የራቀን የሚያቀርብ አላህ ምስጋና ይድረሰው። አንቺም አስማእም ሰላም እደሩልኝ።

እማዬ ዛሬ በረረች። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ በሩ ላይ ዞር ብላ ቤቱን ሁሉ አየችና «አሁን ምንም አልቀረኝም» አለች። ይኼን እንድጽፍልሽ አደራ ብላኛለች።

የእሁዱን አንቺም ነበርሽ፤ ግን በእኛ በኩል የሆነውን አላየሽውም። እኔ አፉ በይኝ ብዬ ያልኩትን ካልኩ በኋላ ዝም አልሽ። ዝምታሽ ረዘመ። አንዱ ሽማግሌ «ይኸው፣ ዛሬም ተቋረጠ» አለና ሊዘጋው እጁን ሰደደ። እኔ ከኋላሽ አስማእ ብርጭቆ ይዛ ስታልፍ አይቻለሁ፤ አለመቋረጡን አውቃለሁ። ግን እኔ ምን ብዬ ልናገር?  እማዬ ናት እጁን የያዘችው። «ተው፣ አልተቋረጠም። ልጄ እያሰበች ነው፤ ጠብቋት» አለች። ሰባት ሰው ትንፋሹን ይዞ አንዲት ስልክ አየ። እንደዚያ ስንጠብቅሽ ሳትመልሺ ብትቀሪም የምቀየምሽ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ «አፉ ብያለሁ» አልሽ። ድምፅሽ ቀጭን ነበር። ሐጅ በድሩ ጆሯቸው ስለደከመ «ምን አለች?» አሉ። ሰው ሁሉ በአንድ ላይ «አፉ ብያለሁ አለች!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሰው ሞተ ብሎ መጥቶ ነበር፤ እራት በልቶ ሄደ።

ስልኩን ማን ይዝጋው ሲባል የሆነውንም ልንገርሽ። ሐጅ በድሩ «እኔ አልዘጋም፤ አንዴ ተዘግቶብኝ አውቀዋለሁ» አሉ። እማዬ ዓይኗን ከስልኩ አላነሣችም። እኔም አልነካሁትም። ትራሱ ላይ እንደተደገፈ ትተነው እጃችንን ታጠብን። አንቺም ያኔ አገጭሽን ደግፈሽ ስንበላ ታዪን ነበር፤ እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ ስልኩ ዘርግታ ራሷ ጎረሰችልሽ።

እንግዶቹ ሲነሡ ዞር ብዬ ሳይ ስልኩ ጠፍቷል። ባትሪው አልቆ ነው። ጆሮሽ ላይ አልዘጋሁም፤ ሽማግሌዎቹ ምስክሬ ናቸው።

ወንድምሽ አንሳር